ከጥምቀት ማግስት ወደ ጎርጎራ

የተከበራችሁ የጎንደር ከተማ ነጋዴዎች፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ የእቁብና የእድር ዳኞች፣ ሸማኔዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ አስጎብኚዎች፣ የባጃጅና የታክሲ ማኅበራት ተወካዮች፤ ከጎርጎራ፣ ከጯሂትና ከቆላ ድባ ሳይነጋ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ጀልባ ነጂዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ጥምቀት ዝግጅት ለመምከር ነው። ስለ ከተማው ጽዳት፣ ስለ ውኃና መብራቱ፣ ስለ ጸጥታው የሚመለከታቸው ሰዎች ይናገራሉ። እኔ የምናገረው በዓሉ ካለቀ በኋላ ስላለው ጠዋት ነው። ስለ ጥር 13።

ጥር 10 ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከተማችን ምን እንደምትመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከቀሃ ወንዝ በመጣው ውኃ ዙሪያ ሕዝቡ በጸሎትና በዝማሬ ያድራል። ጥር 11 ሲነጋ ውኃው ይባረካል፣ ወጣቱ እየዘለለ ይገባል፣ ታቦታቱ በእልልታ ይመለሳሉ። በማግስቱ ቅዱስ ሚካኤል ይገባል። በእነዚህ ቀናት ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሥራ የሚፈታ ሰው የለም። ቡና የምታፈላ እናት፣ ሎሚ የሚሸጥ ልጅ፣ ፎቶ የሚያነሣ ወጣት፣ ሁሉም ያገኛል። ልብስ ሰፊዎቻችንማ ከወር በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ብሂል እንደ እነሱ የሚኖርበት ሰው የለም።

ከዚያ ጥር 13 ይነጋል። በሆቴሎቻችን በር ላይ ሻንጣ ይደረደራል። እንግዳው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወይም ወደ መናኸሪያው ይሄዳል፤ እኛም እጃችንን እያውለበለብን እንሸኛለን። ከእነዚያ እንግዶች መካከል ሌላ አንድ ሌሊት ለማደር ጊዜም ገንዘብም የነበራቸው ብዙዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ከውጭ አገር የተመለሰ የጎንደር ልጅ አለ። የኢትዮጵያን ደጋ ለማየት ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ አለ። «ነገስ የት ትውላላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም።

ያን እንግዳ አንድ ሌሊት አስጨምረን በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ወደ ጎርጎራ እንውሰደው፤ እዚያም ገበያ እንዘርጋለት። ለዚህ ነው የተነሣሁት። ይህን ደግሞ ማንም መጥቶ አያደርግልንም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ትናንሽ ነጋዴዎች ተስማምተን የምናደርገው ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎርጎራ ነው። ንግዴ ግን እዚህ ጎንደር ነው፤ ዓሣ ቤት አለኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ከተሞች ከውስጥ አውቃቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር ጎንደር ተወልዶ፣ አድጎ፣ ወግ ማዕረግ አይቶ ጎርጎራን ያልረገጠ ሰው ብዛት ነው። መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ከአዘዞ ወርዳችሁ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጋችሁ የደምቢያን ሜዳ ስታቋርጡ፣ ጥር ላይ ከሆነ ግራና ቀኙ ሽምብራ ነው። ልጆች እሸቱን ከነግንዱ እያሰሩ በመንገድ ዳር ይሸጣሉ። ነጭ ሽንኩርቱና ጥቁር አዝሙዱ የዚያ አፈር ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎንደር ተነሥታችሁ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ውኃ ስትወርዱ አየሩ ራሱ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ይሰማችኋል፤ ከዚያ ድንገት ጣና ይዘረጋል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ውኃ። ማዶው አይታይም። ባሕር የሌላት አገር ልጆች ባሕር ብለን የምንጠራው ለዚህ ይመስለኛል።

ታሪክ ለመዘርዘር ጊዜ አልወስድም፤ አስጎብኚዎቻችን ከእኔ የተሻለ ይናገሩታል። አንድ ነገር ግን ማንሣት አለብኝ። እንግዳውን ወደ ፋሲል ግቢ ስናስገባ ታሪኩን ከ1628 ዓ.ም. እንጀምራለን፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመሠረቱበት። ከዚያ በፊት ግን ቤተ መንግሥቱ በዚያው ሐይቅ ዙሪያ ሲንከራተት ነበር። አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ሠሩ። የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ተቀመጡ፣ ደንቀዝ ተቀመጡ፣ አዘዞ ተቀመጡ። ከአውሮፓ የመጣው የካቶሊክ (የጀሱይት ማኅበር) ቄስ ፔሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው ጎርጎራ ነው። በዚያ ዘመን ከኖራና ከድንጋይ የተሠሩት ሕንፃዎች ከፊላቸው ፈርሶ፣ ከፊላቸው ቆሞ፣ ማርያም ግምብ በሚባለው ቦታ ሐይቁን እያዩ ዛሬም አሉ። እንግዲህ የጎንደርን ግንብ አይቶ ጎርጎራን ሳያይ የሄደ እንግዳ ልጁን አይቶ አባቱን ሳያይ ሄደ ማለት ነው። ሰው ከፍሎ መጥቶ ግማሹን ታሪክ ብቻ ስንሰጠው ቅር ሊለን ይገባል።

ከግንቡ ሌላ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ ክቧ ቤተ ክርስቲያን፣ ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል የተሞላ። በጀልባ የሚደረስባቸው ገዳማት አሉ። እዚህ ላይ አስጎብኚዎችን አደራ የምለው አለ፦ ወደ ወንዶች ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡ እንግዳው ማወቅ ያለበት ጎንደር ሳለ ነው። ጀልባ ላይ ከተሳፈረች በኋላ «አንቺ እዚህ ጠብቂ» የተባለች ሴት ደስ ብሏት አትመለስም። ለእሷም የሚሆን ቦታና የሚሆን ሰዓት አስቀድሞ ይታሰብ።

ጎርጎራ የወደብ ከተማ ናት። መኪና መንገድ እንደ ዛሬው ሳይሆን በፊት ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰውና ዕቃ በውኃ ነበር የሚመጣው፤ ጣሊያን በያዘን ጊዜ ወደቡን ያስፋፋው ለዚሁ ነው። ልጅ ሆኜ ጀልባዋ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ደቅ ደሴትን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በደልጊ በኩል ስትመጣ ከተማው ሁሉ ወደ ውኃው ዳር ይወርድ ነበር። እንጀራና ወጥ የያዙ ሴቶች፣ ጠላ የያዙ፣ ዶሮ የያዙ፣ ቡና የያዙ። የጀልባዋ ቀን የገበያ ቀን ነበረ። ሰው ከጀልባዋ ለሚወርደው ዘመዱ ቢወርድም የሚሸጠውን ሳይዝ አይወርድም ነበር። ያ ነገር ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፤ መኪናው ሲበዛ ወደቡ ተረሳ። አሁን ደግሞ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ጣና ላይ የደረሰችው መርከብ ጣናነሽ ሁለት አለች፣ ገበታ ለሀገር በተባለው አገራዊ ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት አለ። ጎርጎራ እንደገና የሰው ዓይን እያረፈባት ነው።

ስለ ሪዞርቱ የማስበውን በግልጽ ልናገር። ለጎርጎራ ታላቅ ዕድል ነው፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሪዞርት ግን ብቻውን ከተማ አያኖርም። እንግዳው በመኪና ገብቶ፣ ውስጥ በልቶ፣ ውስጥ ተኝቶ፣ በመኪና ከወጣ፣ ውጭ ያለችው ቡና አፍይ ምን አገኘች? ታንኳ ሠሪው ምን አገኘ? እንግዳው ከግቢው ወጥቶ በከተማዋ መንገድ ላይ እንዲራመድ የሚያደርግ ምክንያት መፍጠር የእኛ ሥራ ነው። ሰው የሚያወጣው የገበያ ድምፅ፣ የዓሣ ጥብስ ሽታ፣ የአዝማሪ ማሲንቆ፣ የውኃ ላይ ውድድር ነው።

አሁን ስለማውቀው ነገር ልናገር። ስለ ዓሣ።

ጎንደር ውስጥ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ዱለት እያልን የምንሸጠው ዓሣ ከየት እንደሚመጣ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ እንዴት እንደሚመጣ ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። አስጋሪው ማታ መረቡን ይጥላል፣ ሌሊት ተነሥቶ ያወጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ዳር ይደርሳል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከፀሐይ ጋር ነው ትግሉ። በረዶ የያዘ ገዢ ከመጣ ይሸጣል። ገዢው ካረፈደ ዋጋው ይወርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ የሚጠራው ዋጋ የጠዋቱ አይደለም። ገዢም ይህን ስለሚያውቅ ማርፈድን እንደ ዘዴ የሚጠቀምበት አለ። ያልተሸጠው ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በፀሐይ ይደርቃል፤ ደረቁ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሄድ ኖሯል። የሱዳን ገበያ ሲታወክ ደግሞ እሱም የለም። እንግዲህ አስጋሪው ደሃ የሆነው ዓሣ አጥቶ አይደለም። ዓሣውን የሚያቆይበት በረዶና አስቀድሞ «ይህን ያህል እወስዳለሁ» የሚለው ገዢ አጥቶ ነው።

ስለዚህ ለምግብ ቤትና ለሆቴል ባለቤቶች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዳችን ለየብቻችን ጧት ጧት ስልክ እየደወልን ከምንከራከር፣ ተሰባስበን ከአስጋሪዎቹ ማኅበር ጋር የጥምቀትን ሰሞን ዓሣ ከአሁኑ እንዋዋል። መጠኑን እንናገር፣ ዋጋውን እንቁረጥ፣ ቀብድ እንስጥ። በቀብዱ ገንዘብ ማኅበሩ ወደቡ ላይ የበረዶ ማስቀመጫ ያዘጋጃል። እኛ የሚመጣልን ዓሣ ትኩስ ይሆናል፣ እነሱ ዋጋቸውን ያውቃሉ። እቁብ የጣለ ሰው ይህን አይፈራውም፤ እምነት ነው የሚጠይቀው፣ እምነት ደግሞ አለን።

ዓሣውንም እንወቀው። ገበያችን ላይ ቀረሶ እንደወጣ ያልቃል። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ብዙ ነው፣ የሚበላውም አለ፤ ሁለቱንም አክብሮ ለየብቻ ማብሰልና ለየብቻ ስሙን ጽፎ መሸጥ የነጋዴ ወግ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን የተለየ አደራ አለበት። በጣና ውስጥ ካሉት የዚህ ዘር ዓሦች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በክረምት እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዓመቱን ዓሣ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ የሚመጡትን ዓመታት ጭምር ነው። ጥፋቱን ሁሉ በአስጋሪው ላይ መጣል ቀላል ነው። ግን ያን ዓሣ ማን ይገዛዋል? እኛ ነን። ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ ዓሣ በወጥ ቤታችን አይግባ። ገዢ ያጣ መረብ ይጠቀለላል። በእነዚያ ወራት ቀረሶ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሥጋ አለ፤ ማንም ተርቦ አይሄድም። እኔ በቤቴ ይህን ቃል እገባለሁ፤ ዛሬ እናንተም ፊት ለፊታቸው እንድትገቡ እለምናችኋለሁ፤ አስጋሪዎቹ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ሐይቁ ሌላም ሕመም አለበት። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ጀምሮ የደምቢያ ዳርቻ ነዋሪ በእጁ እየነቀለ፣ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ እየገባ ታግሏል። ከዚህ ከተማ በአውቶቡስ ሄዳችሁ አብራችሁ የነቀላችሁ ወጣቶች እዚህ አላችሁ፤ እጃችሁ ይባረክ። አረሙ ዳርቻውን በዘጋ ቁጥር ታንኳ መውጫ ያጣል፣ መረብ ይጠላለፋል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ ግን አረም አይነቅልም። ከጎርጎራው ገበያ ከሚገኘው ገቢ ትንሽ ድርሻ ለዚህ ሥራ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ፤ ለአንድ ቀን ዘመቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ዳርቻውን ለሚጠብቁ ሰዎች ደመወዝ።

ስለ ታንኳም ልጨምር፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተጠፍሮ ታንኳ ሲሆን ያየ ሰው ይህ ጥበብ በቀላሉ የመጣ እንዳልሆነ ይገባዋል። ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ውኃ ጠጥታ ስትከብድ ሌላ ትሠራለች። ስለዚህ ሠሪዋ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ነበረው። ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩልን በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ወገኖቻችን ናቸው። ለዘመናት በእጃቸው ሥራ ተጠቅመን በማዕዳችን ያላስቀመጥናቸው ወገኖች ናቸው፤ ይህን እዚህ ፊታችሁ የምናገረው ሁላችንም ስለምናውቀው ነው። ዛሬ ደንገሉ በእርሻ እየተገፋ ነው፤ የፕላስቲክና የእንጨት ጀልባ መጥቷል፤ ወጣቱ ሥራውን እየተወው ነው። ከጥምቀት በኋላ ጎርጎራ ላይ የታንኳ ውድድር ብናደርግስ? ሽልማቱን የጎንደር ነጋዴ ያውጣ። ታንኳውን ሠሪዎቹ ይሥሩት፣ ዋጋውን እነሱ ይናገሩ፣ ሲወዳደሩም ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራ። እንግዳው ቆሞ የሚያየው፣ ልጆች የሚጮኹለት፣ በዓመቱ የሚጠበቅ ነገር ይሆናል። ደንገሉን የሚያሳድግ ሰው ከሚያርሰው ሰው ያላነሰ ካገኘ ደንገሉ ራሱ ይተርፋል።

የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች፣ የቅዳሜ ገበያ ሸማኔዎች፣ የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች እናንተም ወደ ውኃው ዳር ውረዱ። አያቶቻችሁ ዕቃቸውን በአጋሰስ ጭነው እስከ ምፅዋ፣ እስከ መተማ ሲሄዱ ነበር። ጎርጎራ እኮ ቅርብ ናት።

አንድ ሰው «ዓመቱን ሙሉስ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ስለዚህ ነው ጥር 13ን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የማላደርገው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ወቅት ነው፤ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ቦታ ፍለጋ ግንብ ለግንብ ይሻማሉ፤ ሐይቁ ዳር ሰፊ ነው። ወር በገባ በ21 የማርያም ዕለት ደብረ ሲና የሚሄደው ምእመን አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዓሣ የሚበላው ሰው ይበዛል፤ የማይበላውም ጾሙን በሽሮና በሱፍ ይይዛል። ዒድ አለ፣ መውሊድ አለ፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ቤተሰባቸውን ይዘው ለመዝናናት የሚሄዱበት ንጹሕ ቦታ ይፈልጋሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ በየዓመቱ ከአራቱም ማዕዘን መጥቶ ጣናን ሳያይ ተመርቆ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን በየሆቴሉ፣ በየካፌው፣ በየባጃጁ መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣናል?

የእግር ኳሱን ነገር አስቡት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው አልተኛም ነበር። ግን ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ብቻ መካሄድ ከጀመሩ ወዲህ የጨዋታ ቀን ገበያችን ቀርቷል፤ ስታዲየሙ አካባቢ ኦቾሎኒና ሻይ ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ያን ቀን አጥተውታል። የከተማ ገበያ ከውጭ በሚወሰን አንድ ዝግጅት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው የሚሆነው። የራሳችን የሆነ፣ እኛው የምናዘጋጀው፣ ማንም ወደ ሌላ ከተማ የማይወስደው ዝግጅት ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ዋጋ።

በጥምቀት ሰሞን የአልጋ ዋጋ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በተራ ቀን የሚከራየው ክፍል ጥር 10 ሲደርስ በእጥፍ፣ ከእጥፍም በላይ ይጠየቅበታል። አስቀድሞ የተያዘ ክፍል ለተሻለ ከፋይ ተላልፎ የተሰጠበት እንግዳ ሌሊት በፒያሳ ሻንጣውን እየጎተተ ሲዞር አይቻለሁ። ከልጆቹ ጋር ነበር። ያ ሰው ጎንደርን እንዴት አድርጎ ለዘመዶቹ እንደሚናገር አስቡት። እኛ የእንግዳ ተቀባይነት ስም ያለን ሕዝብ ነን፤ ያ ስም ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ በሦስት ሌሊት ትርፍ ልንሸጠው አይገባም። በሥራ በበዛበት ጊዜ ዋጋ ትንሽ ከፍ ማለቱን ማንም አይቃወምም፤ ሠራተኛ ይጨመራል፣ ዕቃም ይወደዳል። ግን ልኩ ይታወቅ። ዋጋው በር ላይ ይለጠፍ። የተያዘ ክፍል የተያዘ ይሁን። ሁለት ሌሊት ለሚያድር፣ ሦስተኛውን ጎርጎራ ለሚያድር ሰው ደግሞ ቅናሽ እንስጥ። ከአንድ እንግዳ በአንድ ሌሊት ከመላጨት በሦስት ሌሊት በፍቅር መቀበል ለካዝናም ይበጃል፣ ለኅሊናም ይበጃል።

ስለ ደኅንነት የምለውን አድምጡኝ። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ በተመዘገበ ማግስት፣ ደስታችን ገና ሳይበርድ፣ በጥምቀተ ባሕሩ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ወገኖቻችን ሞቱ። ያን ቀን ማንም አይረሳውም። ሰው ወደ ውኃ ላይ ስንወስድ ይህን እያሰብን መሆን አለበት። ጀልባ ነጂዎች፣ እናንተን ነው የምለምነው፦ ከልኩ በላይ አትጫኑ። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ሰው አይሳፈር፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና እንደሚቆጣ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ «አይቻልም» ስትሉ አስጎብኚው እንዳይጫናችሁ፣ እንግዳውም እንዳይነዘንዛችሁ፣ የቃላችሁ የመጨረሻነት ዛሬ እዚህ ይጽደቅ። ጃኬት መግዣ የሚያጥራችሁ ካላችሁ ለእሱ እንዋጣለን። በዚህ ላይ እጁን የሚሰበስብ የጎንደር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ሰላም ከሌለ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያም መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ቤቱ የሚውልበት ዘመን። በእነዚህ ዓመታት አስጎብኚዎቻችን ምን ሥራ እንደሠሩ፣ ሆቴሎቻችን ስንት ሠራተኛ እንዳሰናበቱ፣ አስጋሪው ዓሣውን ይዞ የት እንደቆመ እናውቃለን። እኔ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም፤ ነጋዴ ነኝ። ነጋዴ የሚፈልገው መንገድ ሲከፈት ሁሉም በሰላም እንዲሄድበት ነው። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቀን እንግዳ ወደ ጎርጎራ አንወስድም፤ ለጥቅም ብለን የሰው ነፍስ አናስይዝም። በተከፈተ ቀን ግን ዝግጁ ሆኖ መገኘት የእኛ ፈንታ ነው። ሁሉም እስኪስተካከል ብለን ብንቀመጥ የጎርጎራ ልጅ መረቡን ሸጦ ይሰደዳል፤ ስንቶቹ እንደተሰደዱ እናቶቻቸው እዚህ አሉ፣ እነሱ ይንገሯችሁ።

ልጨርስ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሦስት ጠረጴዛዎች ይዘጋጃሉ። በመጀመሪያው ላይ የአስጋሪዎቹ ማኅበር ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ የምግብ ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ለጥምቀት ሰሞን የምትፈልጉትን የዓሣ መጠን እዚያ ታስመዘግባላችሁ፣ ቀብዱንም እዚያው ትነጋገራላችሁ። በሁለተኛው ጀልባ ነጂዎችና አስጎብኚዎች የመነሻ ሰዓትን፣ ታሪፍንና የሰው ልክን ትቆርጣላችሁ። በሦስተኛው ጠረጴዛ ለታንኳው ውድድር ሽልማት የምታዋጡ፣ ለገበያው ድንኳን የምታከራዩ፣ ጥር 13 ጧት ከፒያሳ ሰው የምታጓጉዙ ትመዘገባላችሁ። ታንኳ ሠሪዎቹ ቦታቸው በሦስተኛው ጠረጴዛ ራስጌ ነው፤ ስለ ታንኳው ዋጋና ስለ ውድድሩ ሥርዓት ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የአልጋ ዋጋን በተመለከተ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሆቴሎች ስማችሁንና ዋጋችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ዝርዝሩን ለአስጎብኚዎች አባዝቼ የማድለው እኔ ነኝ።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።